ሰፈራችንን ቁጭ ብለን ስናየው

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ፣ በሥዕል ቡድኑ ስም የቀረበ ንግግር)






በዚህ ታላቅ ቀን ስለ ዕድሩ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ችግረኛ ወገኖቻችን የሚናገሩ ብዙ ሰዎች እያሉ፣ ውሃና ቀለም ይዘን መንገድ ዳር ለምንቀመጠው ለእኛ ሩብ ሰዓት ስለተሰጠን ኮሚቴውን ከልብ እናመሰግናለን። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሥዕሎች ስታዩ እንደተረዳችሁት፣ እኛ ሠዓሊዎች አይደለንም። በመካከላችን የሒሳብ ሠራተኛ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ሾፌር፣ ነርስ፣ ጡረተኛና ተማሪ አለ። ስለዚህ ዛሬ የቆምነው ስለ ጥበብ ልናስተምር አይደለም፤ ያጋጠመንን ልንነግራችሁና በመጨረሻም አንድ ነገር ልንለምናችሁ ነው።

ነገሩን የጀመሩት ልጆቻችን ናቸው። በቅዳሜው የአማርኛ ክፍል ልጆቹ "ሰፈሬ" በሚል ርዕስ ሥዕል እንዲሥሉ ተነገራቸው። ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ የሣር ክዳን ያለው ጎጆ፣ ከኋላው ተራራ፣ ከፊቱ ወንዝ፣ ጥግ ላይ ፀሐይ። እነዚህ ልጆች የተወለዱት እዚሁ ናይሮቢ ነው። አብዛኞቹ የሚኖሩት ኢስሊ ውስጥ፣ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመካከላቸው ጎጆ ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት እንኳ ያደረ አልነበረም። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ "ይሄ የማን ሰፈር ነው?" ተብላ ስትጠየቅ "የእኛ፤ የእውነቱ" አለች። "የምትኖሪበትስ?" ስትባል "እሱማ ለጊዜው ነው" ብላ መለሰች።

ያን ዕለት ወላጆች እርስ በርሳችን ተያየን። ቃሉ የልጅቷ አልነበረም፤ የእኛ ነበር። "ለጊዜው ነው" እያልን ሻንጣ ሳንፈታ፣ ግድግዳ ላይ ምስማር ሳንመታ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የኖርን ሰዎች ነን። ልጆቻችን ያንን ሰምተው አደጉ። የሚኖሩበትን መንገድ በየቀኑ እየረገጡት፣ ሊሣል የሚገባው ቦታ ሌላ ቦታ ያለ መሰላቸው። እኛም "ሂዱና የምትኖሩበትን ሣሉ" ልንላቸው አሰብን። ነገር ግን እኛ ራሳችን አይተነው እናውቃለን ወይ? በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባት ወላጆችና አሥራ አንድ ልጆች ሆነን ወጣን።

ከቤት ወጥቶ ያዩትን እዚያው ቦታው ላይ መሣል እኛ የፈጠርነው ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በሲያትል ከተማ የሚኖረው ጋዜጠኛና ሠዓሊ ጋብሪየል ካምፓናሪዮ የጀመረው የከተማ ሠዓሊዎች እንቅስቃሴ ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች ተከታዮች አሉት። መመሪያቸው ቀላል ነው፤ ቦታው ላይ ተገኝቶ መሣል፣ ላዩት ነገር ታማኝ መሆን፣ ጊዜውንና ቦታውን መዝግቦ መያዝ። እኛም ይህንኑ ወሰድን። የውሃ ቀለምን የመረጥንበት ምክንያት ደግሞ ቀላልና ለመያዝ የሚመች በመሆኑ ነው። ትንሽ የቀለም ሳጥን፣ አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ብሩሽ፣ እርሳስ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃና ሁለት ጣሳ በቂ ነው፤ አንዱ ጣሳ ብሩሽ ለማጠቢያ፣ ሌላው ለንጹሕ ውሃ። በወረቀቱ ላይ ግን አትቆጥቡ። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ወፍራም ወረቀት ውሃ ሲነካው እንደ ስሱ ደብተር አይጨማደድም።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር እንጨምር። የውሃ ቀለም ማለት ደቅቆ የተፈጨ ቀለም በሙጫ ተለውሶ ማለት ነው። ሙጫው ከግራር ዛፍ የሚገኘው የዓረብ ሙጫ ሲሆን፣ ዓለም በብዛት የሚያገኘው ከሱዳን፣ በተለይም ከኮርዶፋን በኩል ነው። ይህን ለልጆቹ ስናስረዳ፣ በሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ከቤተሰቡ ጋር ከካርቱም የመጣ አንድ ልጅ "ሰምግ! አባዬ በጭነት መኪና ያመጣው ነበር" ብሎ ጮኸ። እስከዚያ ቀን ድረስ በክፍሉ ውስጥ ድምፁን ሰምተነው አናውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ የቀለም ሳጥኑ ኃላፊ እሱ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር ብንል አላጋነንንም። ችግሩ ሥዕሉ አልነበረም፤ መቀመጡ ነው። እኛ ስደተኞች መንገድ ላይ ፈጥኖ ማለፍ ለምደናል። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢስሊ የጅምላ አፈሳ በነበረበት ጊዜ ወረቀት ያለውም የሌለውም ከቤት መውጣት ፈርቶ እንደነበር የምታስታውሱ በዚህ አዳራሽ ብዙ ናችሁ። አንገት ደፍቶ መሄድ፣ ድምፅ አለማሰማት፣ ዓይን ውስጥ አለመግባት፣ ይህ ልማድ በአንድ ጀምበር አይለቅም። አሁን ደግሞ በርጩማ ይዞ መንገድ ዳር ሁለት ሰዓት መቀመጥና መታየት! ከእኛ አንዱ ያን ዕለት ብሩሹን ሳያረጥብ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። አልፈረድንበትም። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ።

ስለዚህ ደንብ አወጣን። ብቻችንን አንወጣም። ከምንቀመጥበት ሱቅ ባለቤትና ከዘበኛው አስቀድመን ፈቃድ እንጠይቃለን። በሰፈራችን አጠገብ ወዳለው የአየር ኃይል ጣቢያ ፊታችንን አዙረን አንሥልም። የሰው ፊት ለይተን የምንሥል ከሆነ ባለቤቱን እንጠይቃለን። ልጆች ሁሉ የወላጆቻቸውን ስልክ ቁጥር ኪሳቸው ውስጥ ይይዛሉ። ይህን ካደረግን ወዲህ ክፉ ነገር አልገጠመንም።

አንድ ጊዜ ግን ተገሥጸናል፤ ተግሣጹም ተገቢ ነበር። አንዲት አትክልት የሚሸጡ ኬንያዊት እናት ከመደባቸው ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንሥል መጥተው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ከዚያም ፊታቸው ተለወጠ። "የእኔን ቦታ ቆሻሻ አድርጋችሁ ለምን ትሥላላችሁ? እኔ በየቀኑ በ12 ሰዓት መጥቼ እጠርጋለሁ" አሉ። ከልጆቻችን አንዷ ስታስተረጉም ሰዓቱን መለወጥ አላስፈለጋትም፤ እንደምታውቁት የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደ እኛው ስለሆነ፣ የጧቱ 12 ሰዓት የእሳቸውም የእኛም 12 ሰዓት ነው።

ወረቀቶቻችንን መልሰን አየን። እውነታቸውን ነበር። ሁላችንም ማለት ይቻላል የተከፈተውን ቦይና ጥግ ላይ ያለውን የቆሻሻ ክምር ሥለናል። ከመደቡ ፊት ያለው አፈር ላይ የመጥረጊያው መስመር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰልፎ ይታይ ነበር፤ እሱን ግን አንዳችንም አላየነውም። ቦዩ መኖሩ ውሸት አልነበረም። ጥፋታችን ቀድሞ የታየን እሱ ብቻ መሆኑ ነው። "ለጊዜው ነው" የሚል ሰው የሚያየው እንዲህ ነው፤ ጉድለቱን ቶሎ ያያል፣ የሰውን ልፋት አያይም።

እንደገና ጀመርን። ቦዩን አላጠፋነውም። ነገር ግን ብሩሹን ጨርቅ ላይ በደንብ አድርቀን፣ በደረቁ ጠጕር ወረቀቱን ቀስ ብለን እየጫርን የመጥረጊያውን መስመር አወጣነው። እኚህ እናት ሲያዩት ሳቁ። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥላ ያለበትን ቦታ ለእኛ የሚይዙልን እሳቸው ናቸው። የሥዕሉ ቅጂም ከመደባቸው በላይ ተለጥፏል። በዚህ መንገድ ከሃያ የማያንሱ ሰዎችን ስም አውቀናል። ከዚያ በፊት በዚያው መንገድ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የኖሩ አባላት አሉን፤ የአንድም ጎረቤት ስም አያውቁም ነበር።

አሁን ደግሞ ለመጀመር ለምትፈልጉ ከሥራው የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ብርሃኑን ጠብቁ። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ደቡብ ብቻ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። ጥላ ከእግር ሥር ይገባና መንገዱ ሁሉ ጠፍጣፋ ይመስላል። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ግን ጥላው ረጅም ነው፤ በረንዳው፣ ደረጃው፣ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ቅርጹን ያሳያል። ስትጀምሩ የጥላውን ዳር በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አብሯችሁ ስለሚሸሽ እሱን ማሳደድ ሥዕሉን ያበላሻል።

ሁለተኛ፣ ነጩን አትሣሉት፤ ተዉት። የውሃ ቀለም ላይ ነጭ ማለት ወረቀቱ ራሱ ነው። ይህን በደንብ የገባን መሐል ከተማ ወርደን፣ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1933 የተሠራውን የጃሚያ መስጊድ ስንሥል ነው። ነጩን ግድግዳ ለመሣል ስንታገል ጧቱ አለቀ። በኋላ ግን የሚናሮቹንና የጉልላቶቹን ጥላ ብቻ በስሱ ሰማያዊ ግራጫ ቀባነው፤ ሕንፃው በራሱ ጊዜ ከወረቀቱ ውስጥ ብቅ አለ። አጠገቡ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተውን የማክሚላን ቤተ መጻሕፍትና የድንጋይ አንበሶቹንም በዚሁ መንገድ ሞክረናል። አንበሶቹ ግን እስካሁን ድመት እየመሰሉ አስቸግረውናል።

ሦስተኛ፣ ጥቁር ቀለም አትግዙ። አልትራማሪን የሚባለውን ሰማያዊና በርንት ሲየና የሚባለውን ሸክላ መሰል ቡናማ ስትቀላቅሉ፣ ከዝናብ ደመና እስከ አስፋልት ድረስ የሚሆን ግራጫ ታገኛላችሁ። ቡናማው ብቻውን ደግሞ ለዛገ ቆርቆሮ ነው። ጃካራንዳው በጥቅምት አካባቢ ሲያብብ አልትራማሪኑን ከቀዩ ጋር ቀላቅሉት።

አራተኛ፣ ታገሡ። የመጀመሪያው ቀለም ሳይደርቅ ሁለተኛውን ከደረባችሁ ይጨቀያል። በጥርና በየካቲት ፀሐይ ወረቀቱ ወዲያው ይደርቃል፤ በሐምሌ ብርድ ግን አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተን እንኳ አይደርቅም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለው ተረት ለውሃ ቀለም የተነገረ ይመስለናል።

ክቡራን ወገኖቻችን፣

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስተማሩን ግን አንዲት እናታችን ናቸው። ስማቸውን እንዳንጠራ ለምነውናል፤ በአዳራሹ ውስጥ ግን አሉ። እኚህ እናት ተወልደው ያደጉትና ልጆች የወለዱት አዲስ አበባ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ዜናውን የሰሙት እዚህ ናይሮቢ ሆነው ነው። በዓመቱ ደግሞ ካዛንቺስ ተከተለ፤ የዚያ ሰፈር ልጆችም በመካከላችን አላችሁ። ስለ ከተማው ግንባታ ለመከራከር አይደለም ይህን የምናነሣው። የሰው መጠለያ መሻሻሉን የሚጠላ የለም። የምንናገረው ስለ አንድ ቅዳሜ ነው።

ያን ቅዳሜ እናታችን ወደምንሥልበት መጡና "ልጆቼ፣ እኔ ልንገራችሁ፣ እናንተ የእኛን ቤት ሣሉልኝ" አሉን። በደስታ ተቀበልን። ወረቀት ዘርግተን ጠየቅናቸው። "በሩ በየት በኩል ነበር?" ነገሩን። "የበሩ ቀለምስ?" ዝም አሉ። "አረንጓዴ... አይ፣ አረንጓዴው የጎረቤት ነው።" "ጧት ፀሐይ የሚገባው በየትኛው መስኮት ነበር? ቆርቆሮው የዛገ ነበር ወይስ አዲስ? ከበሩ ፊት ድንጋይ ነበር ወይስ አፈር?" ፎቶግራፍ እንዳላቸው ጠየቅን። ሦስት አምጥተው አሳዩን፤ ሦስቱም ፎቶ ቤት የተነሡ ናቸው። ከጀርባቸው ያለው በሸራ ላይ የተሣለ መናፈሻና ፏፏቴ ነው። ቤቱ የለም፤ መንገዱም የለም።

ከብዙ ዝምታ በኋላ "ሠላሳ ዓመት ወጥቼ ገብቼበት፣ ለካ አላየሁትም" አሉ። ለማጽናናት ከአእምሯችን ፈጥረን አንድ ነገር ልንሥልላቸው እንችል ነበር። ግን የእሳቸው ቤት አይሆንም፤ ልክ እንደ ልጆቹ ጎጆ የማንም ያልሆነ ቤት ነው የሚሆነው። ወረቀቱን ባዶውን መለስንላቸው። ልባችን አዝኖ ተለያየን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በርጩማቸውን ይዘው መጡ። "ያኛውስ አምልጦኛል፤ ይሄኛውን እንኳ ልየው" አሉና ከአጠገባችን ተቀመጡ። ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነው፤ ብሩሽ ጨብጠው አያውቁም ነበር። ከመግቢያው በስተቀኝ የምታዩት፣ የጋራ በረንዳው ላይ የተሰጣው ልብስና ከታች የቆመው ማታቱ የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ማታቱው ጎማው ሦስት ነው። አራተኛውን ከተቀመጡበት ማየት ስላልቻሉ አልሣሉትም።

ኢስሊም ቢሆን ቆሞ የሚጠብቀን ሰፈር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 ከተቆረቆረ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ከኬንያ ነፃነት በፊት በብዛት የሕንዳውያን መኖሪያ ነበር። ከ1991 በኋላ የሶማሊያ ስደተኞች መጡ፤ ጋሪሳ ሎጅ የሚባለው ማደሪያ ክፍሎቹ ሱቅ ሆነው የመጀመሪያው የገበያ ማዕከል ሆነ። ዛሬ አሮጌዎቹ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤቶች እየፈረሱ ረጃጅም ሕንፃዎች ይቆማሉ። ከመካከላችን ስድስት ቤተሰቦች ናይሮቢ እንደገቡ የተከራዩበት፣ በግቢው ውስጥ አንድ ቧንቧ የነበረው ቀይ ክዳን ያለው ቤትም ከነዚህ አንዱ ነበር። በሦስት ቅዳሜዎች ከሦስት አቅጣጫ ሣልነው። ዛሬ በቦታው አጥርና ክሬን ነው ያለው። የዚያ ግቢ ልጆች ግን ቧንቧው በየት በኩል እንደነበር ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው የሚያሳዩት ነገር አላቸው።

እንግዲህ ልመናችን ይህ ነው። ማኅበራችን 25 ዓመት ሲሞላው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የዕድር መዝገብና የድግስ ፎቶግራፍ በብዛት አለው። የኖርንበት መንገድ ግን በመዝገቡ ውስጥ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ልጅ ሆኖ፣ የሚኖርበትን በር ወይም ደረጃ ወይም ሱቅ ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ይሣልልን። ማማሩ አያሳስባችሁ። ከጀርባው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመንገዱን ስምና የሣለውን ሰው ስም ጻፉበት። ኮሚቴው አንድ ቁም ሣጥን እንደሚሰጠን ቃል ገብቶልናል። ወረቀትና ቀለም የሌለው ሰው ቅዳሜ ጧት 1 ሰዓት ላይ በማኅበሩ ግቢ በር ይምጣ፤ እኛ እናዋጣለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ወደ አገሩ የሚመለስም ይኖራል፤ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሻገርም ይኖራል፤ እዚሁ የሚቀርም ይኖራል። የትም ብንሄድ ልጆቻችን "ልጅነታችን የት ነበር?" ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ በሸራ ላይ የተሣለ ፏፏቴ እንዳናሳያቸው ነው።

ያቺን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳናነሣ አንጨርስም። አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር የሚኖሩበትን ሕንፃ ከመንገድ ማዶ ተቀምጣ ሣለችው፤ አምስቱም ፎቅ፣ የውሃ ታንከሩ፣ የዘበኛው ወንበር ሳይቀር ተሟልቷል። ከጣሪያው ላይ ግን፣ ከታንከሩ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ የሣር ጎጆ አስቀምጣለች። ደንባችን ያዩትን ብቻ መሣል ስለሆነ ልናርማት ብሩሽ አንሥተን ነበር። እርስ በርሳችን ተያየንና ተውነው። ሥዕሉ እዚህ መድረኩ በስተግራ ተሰቅሏል፤ ስትወጡ እዩላት።

ማኅበራችንን ለሌላ 25 ዓመት ያቆይልን።